አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የተቀጣው የሣር ዳኛ

ማጭዱ ሁለት ጊዜ ሄደ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። አቶ ፈንታ ከሥሩ የቆረጡትን አንድ ጭብጥ የጓሳ ሣር አራገፉና ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት። ቀና ሲሉ ልጃቸው ወሰንየለሽ አሥር እርምጃ ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቀስ በይ እንጂ። ምን ያስጮህሻል?»

«የተዘጋ ሣር እያጨዱ!»

«አየሽ?»

«አየሁ እንጂ! ዓይኔ እያየ!»

«እንግዲያው አይተሻል» አሉና ማጭዳቸውን ወገባቸው ላይ ሰክተው ቁልቁል ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።

ወሰንየለሽ ስልኳን እንደያዘች ተከተለቻቸው። በዚያ ማለዳ ወደ ጓሳው የወጣችው ከላይ ካለው ጉብታ ሌላ ስልክ የሚይዝበት ቦታ ስለሌለ ነው። አሁን ስልኩን ረስታዋለች።

«አምና ሲያጭድ የያዙትን ጎረምሳ እኮ ለአንድ እቅፍ ሣር ድርሻውን አስቀርተውበታል።»

«አስቀርቼበታለሁ።»

«አክስቱን ልኮ ሲያስለምን አልሰማም ብለዋል።»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ እርስዎስ?»

«እኔ እስከ ኪዳነ ምሕረት ስለዚህ ነገር አልናገርም።»

«ለምን?»

«አልናገርም አልኩሽ እኮ።»

ፊታቸው ላይ እፍረት ፈለገች። አላገኘችም። ይበልጥ ያናደዳት ይህ ነው።

መንደራቸው ዋሻ አምባ ከቀየት ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከመንደሩ በላይ ያለው ጓሳ የሁሉም ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ክፉ ዓመት ሲመጣ ከብት ይተርፍበታል። ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዓመት ይዘጋል። ከዚያ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ጉባኤ ተቀምጦ ይከፈታል። እስኪከፈት ድረስ ከብት አይረግጠውም፣ ማጭድ አይነካውም። ይህን የሚያስከብረው ሰው የሣር ዳኛ ይባላል። አቶ ፈንታ የሣር ዳኛ ከሆኑ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። በእነዚህ አሥራ አምስት ዓመታት ወዳጅ ከጠላት ሳይለዩ ፈርደዋል። ወሰንየለሽ ይህን ለተማሪዎቿ እየነገረች ስታስተምር ኖራለች።

ዕለቱ የካቲት አሥራ አራት ነበር። ጉባኤው ሊቀመጥ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ወሰንየለሽ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ዘመሮ ከተማ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ተማረች። ዩኒቨርሲቲ ገባች። ተመልሳ ቀየት የታሪክ መምህርት ሆነች። ከአራት ዓመት በፊት የትምህርት ፈቃድ ወስዳ ለዶክትሬት አዲስ አበባ ስትገባ፣ የተመደበችበት የጥናት ቡድን የሚያጠናው የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ የነበረውን አውሮፓ ነበር። በቡድኑ ውስጥ የታሪክ ሰው አለ፣ የሕግ ሰው አለ፣ የዕፅዋትና የአየር ጠባይ ሰው አለ። ሁሉም አንዱን ነገር በየሙያው ያየዋል። ርእስ ሲከፋፈል ሥዕሉን፣ ጦርነቱን፣ ማተሚያ ቤቱን ሌሎች ወሰዱት። የተረፈው አልፕስ ተራራ ላይ ያለች ሆልማት የምትባል መንደር የሣር መዝገብ ነው። ማንም አልፈለገውም። ወሰንየለሽ እጇን አወጣች። ሣር ታውቃለች።

ወሬው ዋሻ አምባ ሲደርስ መንደሩ ሳቀ። በተለይ ጎረቤታቸው አቶ ተገኘ አለቀቋትም።

«ከዚህ ተነስተሽ ፈረንጅ አገር ሣር ፍለጋ? የእኛው አንሶሽ ነው?»

«የድሮ ሣር ነው፣ ጋሼ ተገኘ። የዛሬ አራት መቶ ዓመት የታጨደ።»

«ጭራሽ! ታጭዶ ያለቀ!»

በየመጣች ቁጥር መንገድ ላይ ያስቆሟታል። «እህስ፣ ደረቀ? ከመርሽው?» ይሏታል።

የሆልማት መዝገብ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከ1611 እስከ 1631 ያለውን ሃያ አንድ ዓመት ይይዛል። ውስጡ ያኮብ የሚባል ሰው አለ። ያኮብ የመንደሩ ሣር ጠባቂ ነው። ሣሩ ከመከፈቱ በፊት አጭዶ ይያዛል። ሰው ይከሰዋል። አንድ በርሜል ቢራ ይቀጣል። እንደገና ጠባቂ ሆኖ ይመረጣል። በዓመቱ ያው ነው፤ በዓመቱም ያው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተቀጣ። የከሰሱትም አሥራ ዘጠኝ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ወሰንየለሽ ምዕራፍ አራትን የጻፈችው ስለዚህ ሰው ነው። በጽሑፏ ውስጥ ያኮብ ሹመቱን ተገን አድርጎ የሚሰርቅ ጉልበተኛ ነበር። አሥራ ዘጠኙን ከሳሾች «ሰፊ ቅሬታ» አለቻቸው። ክስ የሌለባቸውን ሁለት ዓመታት፣ 1621ን እና 1628ን፣ ሳይያዝ ያመለጠባቸው ናቸው አለች። የሁለቱ ዓመታት የሣር ድልድል ገጽም አልተገኘም። ግርጌ ላይ «ገጾቹ ጠፍተዋል» ብላ ጻፈች።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር አትናቴዎስ የሕግ ታሪክ ሰው ናቸው። ምዕራፉን በሁለት መስመር መለሱት። «ቢፈሩት ኖሮ አይከሱትም፤ ቢጠሉት ኖሮ አይመርጡትም። ይህ ምዕራፍ አይቆምም።» እስከ የካቲት ሃያ አንድ የሚቆም ነገር እንድታመጣ ቀን ቆረጡላት። ካላመጣች መመረቂያ ጽሑፏ ዘንድሮ ለፈተና አይቀርብም። ፈቃዷ ደግሞ ሰኔ ላይ ያበቃል። ቀየት ተመልሳ በሳምንት ሃያ ስምንት ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች፤ ዶክትሬቱም በዚያው ይቀራል። እንደዚያ ሆኖ የቀረ ሰው ታውቃለች። ቤቱ ውስጥ አራት ካርቶን ወረቀት አለ።

ወደ ዋሻ አምባ የመጣችው ለማሰብ ነው። የወላጆቿ ቤት ክዳንም አርጅቶ ያፈሳል፤ ጓሳው ሲከፈት የሰው እጅ ያስፈልጋል። አሁን ግን ማሰብ አልቻለችም።

እናቷ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ደጅ ገብስ እየሸከሸኩ ነበር።

«እማዬ፣ አባባን አየኋቸው።»

«የት?»

«ጓሳው ውስጥ። በማጭድ።»

ዘነዘናው አየር ላይ ቆመ።

«ሌላ ሰው አይቷቸዋል?»

«እኔ ብቻ። ምን ላድርግ?»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሙቀጫው ውስጥ አተኩረው አዩ። ከንፈራቸውን ነከሱ።

«እንግዲህ አስተማሪ ነሽ» አሉ። «ያየሽውን በጉባኤ ተናገሪ።»

«በአባቴ ላይ?»

«እኔ አልከለክልሽም።»

ይህን ብለው ዘነዘናውን ጥለው ጓዳ ገቡ። በበሩ ክፍተት ጀርባቸው ይታያል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ወሰንየለሽ ተከትላ ልታባብላቸው አሰበችና ተወችው። እንዲያለቅሱ ብቻቸውን መተው ይሻላል ብላ ነው።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ምዕራፍ አራትን ዘርግታ ተቀመጠች። አንድ በጣም የምትወደው ዓረፍተ ነገር ነበራት። «ሕጉን የሚያስከብረው እጅና ሕጉን የሚሰርቀው እጅ አንድ እጅ ነበር» ይላል። ከዚህ በፊት ባነበበችው ቁጥር ደስ ይላት ነበር። አሁን ስታነበው የሚታያት እጅ የአባቷ ነው። ወፍራም፣ አውራ ጣቱ የተሰነጠቀ። ኮምፒውተሩን ከደነችው።

አባቷ በበኩላቸው ደስተኛ ነበሩ። እያንጎራጎሩ ከበጎቹ በረት ጀርባ ሄዱ፣ እዚያ ረጅም ሰዓት ተቀመጡ፣ ተመለሱ። ምሳ ላይ ሁለት ጊዜ ጨምሩልኝ አሉ።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። ቄስ ገብረየሱስ ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ከካባቸው ሥር ዙሪያው የተበላ ወፍራም ደብተር አወጡ። የጓሳው መዝገብ ነው።

«ጓሳው በተዘጋበት ዘመን ሕግ ሲጣስ ያየ፣ የሰማ አለ?» ብለው ጠየቁ።

ወሰንየለሽ ዙሪያዋን አየች። ሰዎች እርስ በርስ እየተያዩ ፈገግ ይላሉ። ሁሉም ያውቃል ማለት ነው፤ አውቆም ይስቃል። ደሟ ፈላ። ከፊቷ የተቀመጡት አቶ ተገኘ ጉልበታቸውን እያሹ፣ እያቃሰቱ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ለመነሳት ይሞክራሉ። ቀደመቻቸው።

«እኔ አይቻለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«የካቲት አሥራ አራት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም። የሣር ዳኛው አቶ ፈንታ ማጭድ ይዘው የተዘጋ ጓሳ ሲያጭዱ አይቻለሁ። አባቴ ናቸው።» ጉሮሮዋን ጠረገችና ቀጠለች። «አባቴ ቢሆኑም አይቻለሁ።»

መጀመሪያ የጮኹት አቶ ተገኘ ናቸው።

«ኪዳነ ምሕረት ትባርክሽ! ጉልበቴን አዳንሽው!»

ዱላቸውን ወደ ላይ ወረወሩት። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ሰው በሰው ላይ እየተደገፈ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ እያሳላቸው «በፊት አስተማሪ፣ አሁን ዐቃቤ ሕግ!» አሉ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከሴቶቹ መሃል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ልክ ጓዳ ውስጥ እንደነበረው። ወሰንየለሽ አሁን ገባት። ያን ዕለትም ሲያለቅሱ አልነበረም።

«ጸጥታ!» አሉ ቄስ ገብረየሱስ፤ የራሳቸውም ጢም ይንቀጠቀጣል። «ክሱ ተሰምቷል። ተከሳሽ ምን ይላሉ?»

አቶ ፈንታ ተነሡ። «እውነት ነው። አጭጃለሁ። ልጄ አልዋሸችም።»

ከጋቢያቸው ውስጥ ሁለት ክንድ የሚሆን ቀጭን ገመድ አወጡ። የዚያን ማለዳውን አንድ ጭብጥ ጓሳ ገምደውታል። ለአራት ጎልማሶች ሰጧቸው። ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ ሆነው ተረከዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ሳቡት። ገመዱ ተንጣጣ። እንደገና ሳቡት። አልተበጠሰም።

«በስሏል!» አለ ሕዝቡ።

«ጓሳው ተከፍቷል» አሉ ቄስ ገብረየሱስ። እልልታው ጥዱ ላይ የሰፈሩትን ወፎች በሙሉ አስነሳ። «ዳኛው ስለጣሱት ሕግ አንድ ጋን ጠላ ይቀጣሉ።»

«ተቀጥቻለሁ።»

«ለሚመጣው ዳኛ ማን ይሁን?»

«ፈንታ!»

ጋኑ አስቀድሞ ተጠምቆ ከጥዱ ጀርባ ቆሞ ነበር። ወሰንየለሽ በልጅነቷ ሁለት ጊዜ ከእሱ ቀምሳለች። ስሙን «የዳኛው ግብዣ» ነበር የምትለው። ልጅ ሆኖ የጠላውን መምጫ ማን ይጠይቃል? ዘመሮ ከገባች ወዲህ ደግሞ ጓሳው የሚከፈተው ሁልጊዜ ስትማር ወይም ስታስተምር ነው።

አቶ ተገኘ በጣሳ ይዘውላት መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። እንደ ዛሬ ተደስተው አያውቁም።

«ሳይበስል የታጨደ ጓሳ ገመዱ ይበጠሳል፣ ክዳኑ ይበሰብሳል። ስለዚህ አንድ ሰው አስቀድሞ አጭዶ መሞከር አለበት። ግን ሕጉ ማንም አይጨድ ይላል። ስለዚህ ዳኛው ራሱ ሕጉን ጥሶ ራሱ ይቀጣል። ገባሽ?»

«ለዳኛው ለምን አይፈቀድለትም? ዳኛው መሞከር ይችላል ብሎ መጻፍ ነው።»

«ለዳኛው የፈቀድሽ እንደሆነ ወንድሙ ነገ መጥቶ እኔም ልሞክር ይልሻል። አማቹም ይመጣል። እኔም እመጣለሁ! የለም። አልተፈቀደም ለማንም።»

«በድብቅ መሆኑስ?»

«መሞከሩ ከታወቀማ ማን ያስተኛዋል? ቶሎ ክፈት፣ አትክፈት፣ ቤቴ ፈሰሰ፣ በሬዬ ከሳ። እስከ ጉባኤው አፉን ይዘጋል።»

«ከሳሹስ?»

«ካልተከሰሰ እንዴት ይቀጣል? ከሳሽነት ተራ ነው። ከላይኛው ቤት ይጀምርና በየቤቱ እየወረደ ይሄዳል። ዘንድሮ የእኔ ቤት ነበር።» ከጣሳቸው ጎነጩ። «ከሳሽ ደግሞ ነገ የሚታጨደውን የመጀመሪያ ሸክም ተሸክሞ ወለተኪዳን ቤት ያደርሳል። አቅም የላትም፣ አጫጅ የላትም። ቤቷን ታውቂዋለሽ?»

ታውቀዋለች። የመጨረሻው ገደል አፋፍ ላይ ነው።

«በዚህ ጉልበቴ!» አሉ አቶ ተገኘ። «ሦስት ወር ሙሉ እሱን ሳስብ እንቅልፍ አጥቼ። አንቺ ብድግ አልሽና ተገላገልኩ። አሁን ነው ዶክተር የሆንሽው፤ ያለ መርፌ አዳንሽኝ።»

አባቷ ከኋላ መጥተው ትከሻዋ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?»

«ሕጉ አትናገር ነው እኮ የሚለው።»

«እማዬስ?»

«እናትሽማ እንዲህ ከሳቀች ስንት ዘመኗ። ይቅር በያት።»

ወሰንየለሽም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ቄስ ገብረየሱስ ሄደች።

«አባ፣ መዝገቡን ላየው?»

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ገለጠችው። የአባቷ ክስ ከዛሬው በፊት ሦስት ቦታ ተጽፏል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው። «ዳኛ ፈንታ ጓሳው ሳይከፈት አጨዱ። ከሳሽ እገሌ። አንድ ጋን ጠላ ተቀጡ። ፈንታ ዳኛ ሆነው ተመረጡ።» ገመዱ አልተጻፈም። ሳቁ አልተጻፈም። የዛሬ አራት መቶ ዓመት አንድ ሰው ይህን ደብተር ቢያገኝ አባቷን ሌባ ይላቸዋል። ምዕራፍም ይጽፍባቸዋል።

ጣቷ በዓመተ ምሕረቶቹ ላይ ወረደ።

«አባ፣ ከዚህኛው እስከዚህኛው አምስት ዓመት ነው። መሃል ላይ ገጽ ጠፍቷል?»

ቄሱ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። «አልጠፋም፤ አልተጻፈም። ያን ጊዜ ድርቅ ነበር። የዳኛው ገመድ ተበጠሰ።»

«ታዲያ?»

«ዳኛው አስቀድሞ ብቻውን ሲስበው ገመዱ ከተበጠሰ ቤቱ ይቀመጣል። ጉባኤ የለም፣ ክስ የለም፣ ጠላ የለም። በዓመቱ ተከፈተ።»

ወሰንየለሽ ደብተሩን ሰጥታቸው ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሮጠች። «ሸክሙ ነገ ነው!» ብለው ጮኹ አቶ ተገኘ። «አታመልጭም!»

የሆልማት መዝገብ ፎቶዎች ኮምፒውተሯ ውስጥ ነበሩ። የ1620ን ገጽ ከፈተች። አራት ዓመት ሙሉ ስታየው የኖረችው ገጽ ነው። ከላይ፣ ጥግ ላይ፣ ከጽሑፉ ጋር በአንድ ቀለም የተጻፈች ትንሽ ቁጥር አለች። 10። ቀጥሎ ያለው ገጽ የ1622 ነው። ቁጥሩ 11። የ1627 ገጽ 16፣ የ1629 ገጽ 17። የመጨረሻው 19። የጠፋ ገጽ የለም። በሁለቱ ዓመታት ክስ ያልነበረው ያኮብ ስላመለጠ አይደለም። ሣሩ አልተከፈተም።

ከዚያ የከሳሾቹን ስም ዝርዝር አወጣች። መዝገቡ መጀመሪያ ላይ የሆልማት ቤቶች ከላይ እስከ ታች ተዘርዝረዋል። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የመጀመሪያው ከሳሽ የመጀመሪያው ቤት ሰው ነው። ሁለተኛው የሁለተኛው። እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ዘጠኝ ድረስ ይወርዳል።

«ሰፊ ቅሬታ» የሚለውን ፈልጋ አገኘችው። ደመሰሰችው። የምትወደውን ዓረፍተ ነገርም አብራ ደመሰሰች።

በማግስቱ ሸክሙን ተሸከመች። ዋሻ አምባ በሙሉ ጓሳው ላይ ወጥቷል፤ ማጭድ ያልያዘ የለም። የመጀመሪያውን ነዶ አባቷ ራሳቸው አሰሩት፤ አላሳነሱትም። አቶ ተገኘ ዱላቸውን እየወዘወዙ እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኟት።

«ዶክተር፣ ቀኝ ቀኙን! ድንጋይ አለ! የፈረንጅ ሣር እንዲህ ይከብዳል?»

«እሱ ወረቀት ላይ ነው፣ ጋሼ!»

«ታዲያ ለዚህ ነዋ ሰውነትሽ ያልከሳው!»

ወይዘሮ ወለተኪዳን በራቸው ላይ ቆመው ሲያይዋት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እንዴ! ተገኘን ስጠብቅ!» አሉ። ሦስት ጊዜ መርቀዋት ትኩስ ዳቦ ሰጧት። እሱን እየበላች ወረደች። ማታውን ወገቧ ቀና አላለም፤ ግን ጻፈች። በቀጣዮቹም ሁለት ቀናት ጽፋ ምዕራፉን ላከች።

የካቲት ሃያ አንድ ረፋድ ላይ ጉብታው ላይ ወጥታ ስልኳን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰው አለ። አንዱ ፕሮፌሰር አትናቴዎስ ናቸው። ሌላዋ የቡድኑ የአየር ጠባይና የዕፅዋት ተመራማሪ ዶክተር ቤተል ናት።

«አነበብኩት» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ሆልማት ውስጥ ገመድ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ያኮብ ሣሩን በምን ፈተነው?»

«አላውቅም። የማላውቀውን አልጻፍኩም። ገጾቹ እንዳልጠፉ ጽፌያለሁ። ክስ በሌለበት ዓመት ማጨድም እንዳልነበረ ጽፌያለሁ። ከሳሾቹ በቤት ተራ እንደሚገቡም ዝርዝሩን አያይዣለሁ።»

«ሁለቱ ዓመታት ያልተከፈተው በሌላ ምክንያት ቢሆንስ? ጦርነት፣ በሽታ?»

ወሰንየለሽ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች።

«እኔ ልግባ?» አለች ዶክተር ቤተል። «ትናንት ጽሑፉን ሳነብ ከዚያው ሸለቆ ከተወሰዱት የዛፍ ቀለበቶች ሰንጠረዥ ጋር አስተያየሁት። ዛፉ በደህና ዓመት ሰፊ ቀለበት ያወጣል፣ በክፉ ዓመት ጠባብ። በሃያ አንዱ ዓመት ውስጥ በጣም ጠባቦቹ ሁለት ናቸው።»

«የትኞቹ?»

«1621 እና 1628። እነሱ በጋ በሚሉት ወራት ብርድና ዝናብ ነበር። ሣር አይደርስም።»

ፕሮፌሰሩ አልተንቀሳቀሱም። ወሰንየለሽ ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰላት።

«ፕሮፌሰር፣ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።» ወረቀት የመገልበጥ ድምፅ መጣ። «አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የተቀጣ፣ አንድም ጊዜ ያልሰረቀ ሰው። እሺ። ይቆማል።»

«ይቆማል?»

«ይቆማል አልኩሽ እኮ። ለፈተና አቅርቢው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። በዋሻ አምባው ጉባኤ ላይ ከሳሹ ማን ነበር? አልጻፍሽውም።»

«እኔ ነኝ።»

«ማንን ከሰስሽ?»

«አባቴን። ከልቤ ነበር።»

ዶክተር ቤተል ከስክሪኑ ጠፋች። ሳቋ ብቻ ቀረ። ፕሮፌሰር አትናቴዎስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ግርጌ ላይ ጻፊው» አሉ። «በስምሽ።»

ከጉብታው ሥር አጫጆቹ ሥራቸውን አቁመው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። አቶ ተገኘ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ።

«ዶክተር! ገመዱ እንዴት ሆነ?»

«አልተበጠሰም!» አለች።

አቶ ፈንታ ማጭዳቸውን ሁለት ጊዜ አየር ላይ አወዛወዙና ጎንበስ ብለው ማጨዳቸውን ቀጠሉ።

የእነ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ቤት በመጋቢት ተከደነ። ወሰንየለሽ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ተፈትና አለፈች። የአቶ ተገኘ የከሳሽነት ተራ ወደሚቀጥለው መክፈቻ ተላልፎ በመዝገቡ ላይ ተጽፏል።